ከሳሽ የሌለው ጥፋት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዶክተር፣ አሁን ምን ይሠራሉ?» ምን እሠራለሁ! ጠዋት ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ፤ ከሰፈሬ ከአቦከር በእግሬ ወጥቼ በፈላና በር የሐረርን ግንብ፣ ጀጎልን፣ እገባለሁ፤ በጠባቦቹ መንገዶች ስዞር እቆይና ጉልበቴ አልሄድም ሲለኝ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልሰጠንም። ዘመዶቼ ደብረ ብርሃን ናቸው። ሲደውሉ «ነይ እንጂ፣ እዚያ ምን ቀረሽ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ የቀረኝ ነገር የለም። ግን ሰው ዕድሜውን የጨረሰበትን ከተማ ጥሎ የት ይሄዳል?

ብቸኛ ነኝ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። ብቸኝነቱ ግን በጡረታ አልጀመረም፣ ከሥራዬ ጋር የመጣ ነው። የዓይን ሐኪም ብሆን ኖሮ መንገድ ላይ የሚመርቀኝ አላጣም ነበር። እኔ ያስተማርኩት ሐኪም እንዴት እንደሚሳሳት ነው። በወረቀት ላይ «የሕሙማን ደህንነት» ይባላል። ተማሪዎቼ «የስህተት ክፍለ ጊዜ» ይሉት ነበር፤ እኔን ደግሞ ከኋላዬ «አቃቤ ሕጓ»። የሐኪሞቹ ሻይ ክፍል ስገባ ወሬው ይቋረጣል። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው በሽተኛ ትዝ ይለዋል፣ በመጨረሻ እኔና አስተናጋጇ እንቀራለን። ሲጀመር ያበሽቀኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። ለመድኩት ስል ግን መክፋቱ ቀረ ማለቴ አይደለም።

ወደ ሐረርጌ የመጣሁት ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። የተመደብኩባት ገጠር ውስጥ ያለች ትንሽ ሆስፒታል ከእኔ ሌላ ሐኪም አልነበራትም። ደመወዙን ለጊዜው እንተወው፤ እሱም እኔን ትቶኝ ነበር። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለት ነው። ምጥ የያዛትም፣ ከግመል የወደቀም፣ እባብ የነደፈውም ወደ እኔ ይመጣል፤ አዋቂ ነኝ ብዬ ብኮፈስ ስንቱን እገድል ነበር!

ከዚያ ወደ ሐረር ተዛወርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ያገኘሁት ትልቁ ሀብት ዶክተር ግርማቸው ነበሩ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሳቃቸው ከዋርድ ዋርድ የሚሰማ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሳቸው ጋር በሽተኞችን ልናይ ራውንድ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ደረስን። ካርዱን አየሁና «ኦቦ አህመድ ነዎት?» አልኳቸው። «አዎ» አሉኝ። ዶክተር ግርማቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉኝና በፍጹም ትሕትና «ኦቦ ዩሱፍ፣ እንዴት አደሩ?» አሏቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና።»

«ኦቦ ኢብሳ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«አዎ፣ ሻል ብሎኛል።»

ዶክተር ግርማቸው «ለመሆኑ ስምዎ ማን ነው አባቴ?» ሲሏቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉና «እኔስ ሙሜ ነኝ፤ ዶክተሩ ካሉ ግን ምን ብዬ እከራከራለሁ?» አሉ። አህመድ የተባሉት ሰውዬ ማዶ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር።

«አየሽ፣» አሉኝ ዶክተር ግርማቸው ስንወጣ፤ «የኛ ሰው ለሐኪም እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎ ነው ያደገው። ስሙን ብትቀይሪበት እንኳን እሺ ይልሻል። ስለዚህ ስሙን አትንገሪው፤ እሱ ይንገርሽ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጄ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ይቺን ሳይማር አልወጣም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በጠዋቱ ስብሰባ፣ እኛ ሞርኒንግ በምንለው፣ መጀመሪያ የሚናገረው ትንሹ ነው። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን በማይከፍትበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። «ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ ልክ ነው ይላል፤ በሽተኛው ደግሞ በይሉኝታችን ይሞታል» ይሉ ነበር። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ካልሲያቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ «እህ፣ እኔ በዚህ ሳምንት ምን አጠፋሁ መሰላችሁ?» ብለው ይጀምራሉ። የራሳቸውን ጉድ ከነዝርዝሩ ያወጡታል። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እኛ ምን ብለን እንደብቃለን?

መርዶም ቆመው አይናገሩም ነበር። ሰው ሲሞትባቸው ቤተሰቡን ይፈልጉና ቤተሰቡ መሬት ላይ ከተቀመጠ እሳቸውም መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ያጠፉት ነገር ካለ እዚያው ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ወንድሙ የሞተበት ጎረምሳ ኮሌታቸውን ያዛቸው፤ ዝም አሉት። ጎረምሳው ትንሽ ቆይቶ እዚያው ትከሻቸው ላይ አለቀሰ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ስብሰባውንም ማስተማሩንም ለኔ ተዉልኝ። ወረሰች አሉ፤ ወራሽ የሚባለው ንብረት ሲኖር ነው፣ እኔ የወረስኩት ጠላት ነው። ለነገሩ አጀማመሬም ያስቃል። ስብሰባውን ከሰዓት በኋላ አደረግኩት። ሐረር ውስጥ ከምሳ በኋላ ስብሰባ! የመጣው ዘበኛው ብቻ ነው፣ እሱም ክፍሉን ሊቆልፍ። «ዶክተር፣ በዚህ ሰዓት ሰው በርጫ ላይ ነው» አለኝ፤ ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት ሰዓት ማለቱ ነው። ወደ ጠዋት መለስኩት።

ደንቤ አንድ ነበር። በኔ ክፍል «ማን ነው ያደረገው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። የጠየቀ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቆሞ ይቆያል፤ ሬዚደንት ሆነ ስፔሻሊስት ለማንም አይቀርለትም። «ምን ሆነ? ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትስ?» እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ስህተት ምንጊዜም ብቻውን አይመጣም፤ መብራት የጠፋበት፣ ጓንት ያለቀበት፣ ሰው የጎደለበት ቀን ተከትሎ ይመጣል። ተማሪዎቹን ሁሉ በየዓመቱ በዓይናቸው እያየሁ ቃል እገባላቸው ነበር፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ እውነቱን የተናገረ አይቀጣም።» አምኜ ነበር የምናገረው።

ነጃት የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የጀጎል ልጅ ናት፣ ሐረሪ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ኢንተርን ነበረች፤ ያም ማለት ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ነው፣ ሥልጣኑ ግን የላትም።

ቀዶ ጥገና ዋርድ ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አብዲ የሚባለውን እናቱ፣ አዴ ሐሊማ የምንላት፣ ታስታምመዋለች። ሌላው ደስታ ይባላል፤ ከወላይታ ለቀን ሥራ መጥቶ ከሕንፃ የወደቀ ልጅ ነው፣ ሰው የለውም። በኛ ሆስፒታል አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ግማሽ በሽተኛ ነው። መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚ፣ ደም ሊመረመር ሲል ብልቃጡን ይዞ ደም ባንክ የሚሮጠው አስታማሚ። አዴ ሐሊማ «እሱም የእናት ልጅ ነው» ብላ ሁለቱንም ያዘች። ሾርባውን ለሁለት ትከፍላለች፤ አንዱን አገላብጣ ወደ ሌላው ትዞራለች። እንዲህ ያለው ደግነት በኛ አገር ያለ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ዋርዱ በአንድ ሳምንት ባዶ ይቀር ነበር።

ለሁለቱም ደም ያስፈልግ ነበር። ነጃት የደም ዓይነታቸው እንዲመረመር ከሁለቱም ቀዳች። ብልቃጥ ላይ ስም የሚጻፍበት ፕላስተር ከዋርዱ አልቆ ነበር፣ የዚያን ሰሞን ያላለቀ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ያደርግ እንደነበረው እያንዳንዱን ብልቃጥ በራሱ ማዘዣ ወረቀት ጠቅልላ ለአዴ ሐሊማ ሰጠቻት። «ይሄ የአብዲ፣ ይሄ የደስታ። እንዳይቀላቀል እናቴ።» አዴ ሐሊማ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዛ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ አማቷ ልትጠይቅ መጥታ ተገናኙ። አማት በግራ እጅ አይጨበጥም። ሰላምታውም በአንድ ቃል አያልቅም፤ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በስም ይጠየቃል። አዴ ሐሊማ የያዘችውን ሁሉ ወደ ግራ እጇ አዛውራ ቀኟን ዘረጋች። ወረቀቶቹ ተፈቱ። ሰላምታው ሲያልቅ ማንበብ ስለማትችል በግምት መልሳ ጠቀለለቻቸው። ክፋት የለበትም፣ ችላ ማለትም የለበትም፤ አማቷን አክብራ ነው።

አብዲ ትኩሳት ስለያዘው ደሙ ሳይሰጠው ቆየ። ለደስታ ግን ተሰጠው። ለእሱ የማይሆን ደም ነበር። በማግሥቱ ሞተ።

ሁሉም «ጉዳቱ ከባድ ነበር» ብሎ ዘጋው፤ ጉዳቱም እኮ ከባድ ነበር። ነጃት ግን ደሙ ሲገባ ልጁ የተንቀጠቀጠበት ሁኔታ ከአእምሮዋ አልወጣ ብሏት ምርመራውን እንደገና አስደግማ ነበር። የደም ዓይነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ለአብዲ የተዘጋጀውንም ሳይሰጠው አስመለሰችው። አዴ ሐሊማን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፣ የኮሪደሩን ነገር ሰማች፣ ለሴትየዋ ግን የደስታን ነገር አልነገረቻትም። ልብ በሉልኝ። ከሳሽ የለም። ቤተሰብ የለም። የሚያውቅ ሰው የለም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገሬ ሰው። ይህችን ልጅ ዝም እንዳትል ያስገደዳት ከኔ ቃል በቀር ምንም አልነበረም።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ከትንሹ ጀመርን፤ ትንሿ እሷ ነበረች። ተነሳችና «ደስታን የገደለው ጉዳቱ አይደለም። ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከእጄ ወጥቷል» አለች። የአዴ ሐሊማን ስም አላነሳችም። እኔ እንደ ልማዴ «ከዚያ በፊትስ?» አልኩ። ፕላስተሩ ድረስ ሄድን፣ ተላላኪ የሚባል ሠራተኛ አለመኖሩ ድረስ ሄድን። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ያለ ስብሰባ መርቼ አላውቅም። ስንወጣ አቀፍኳት፤ «ጎሽ» አልኳት። ምን አለ ያንን ቃል ባልተናገርኩ እስክል ድረስ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ።

ወሬው ከክፍሉ ወጣ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር።

«ዶክተር፣ ከላይ ይጠይቁኛል። ሰው ሞቷል።»

«በስህተት መሞቱንማ የነገረችህ እሷ ናት! እሷ ባትናገር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

«እሱማ አዎ። ግን አንድ እርምጃ መወሰድ አለበት።»

«በፕላስተሩ ላይ ውሰድ።»

«ፕላስተር አይከሰስም፣ ዶክተር» አለኝ። ሲናገረው አልሳቀም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ገብቼ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጠረጴዛ መታሁ። «ቀጡኝ፣ ደንቡ የኔ ነው» አልኩ። ከመካከላቸው ያስተማርኳቸው ነበሩ፣ ወረቀታቸውን እያዩ አንገታቸውን ደፉ። ውሳኔው ነጃት ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንድትታገድ ሆነ። እኔን አንድም ሰው አልነካኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ይግባኝ ብዬ ወደ ላይ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም።

ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ጀጎል ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድ የተደረደረበት የሐረሪ ቤት። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እናቷ በክብር ተቀብላ ከላይኛው መደብ አስቀመጠችኝ። ነጃት ከጓዳ አልወጣችም።

«ወላሂ ዶክተር፣ አልጠላሁዎትም» አለችኝ እናቷ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዝም ብትል ኖሮ ልጄ አሁን ትማር ነበር?»

«አዎ።»

«የሞተውስ ልጅ ይነሳ ነበር? አላህ ይማረውና።»

«አይነሳም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አስተማሯት?»

«የሚቀጥለው እንዳይሞት ነው» አልኳት። በዚያ ቃል ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ግን አፌ ላይ ደረቀ።

«የሚቀጥለውን ልጅ እናት አላውቃትም» አለችኝ። «እኔ የነጃት እናት ነኝ።»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ሽኝቱም እንደ እንግዳ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዳንድ ነገር ተስተካከለ፣ ይህን መካድ አይገባም። ፕላስተር መጣ። ተላላኪ ተቀጠረ። ስም አልጋው አጠገብ፣ በሽተኛው ራሱ እየተናገረ ይጻፍ ተባለ። ስንት ሰው በዚያ ምክንያት እንደተረፈ አይታወቅም፣ ያልሞተ ሰው መጥቶ አያመሰግንም። ስብሰባዬ ግን ሞተ። ሰዉ ይመጣል፣ ይቀመጣል። «በዚህ ሳምንት የሚነገር ነገር አለ?» እላለሁ። «የለም ዶክተር።» በሚቀጥለውም «የለም።» ከላይ ደግሞ የምስጋና ደብዳቤ ላኩልን፣ ስህተት ስለቀነሰ። ደብዳቤውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እኔም እንደ ዶክተር ግርማቸው የራሴን ጥፋት እየተናገርኩ እጀምር ነበር፤ እያዳመጡ በዓይናቸው «አንቺማ ማን ይነካሻል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ነጃት ዓመቱ ሲያልቅ ተመለሰች። የሚገርመኝ መመለሷ ነው። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ ዶክተር» ብላ ታልፋለች። ሌላ ቃል የለም። ስትመረቅ ከሩቅ አየኋት፣ እናቷ እልል እያለች። ልሂድ አልሂድ ስል ሕዝቡ ዋጣቸው። ወደ ሩቅ ወረዳ ተመደበች ሲሉ ሰማሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የኔም ጊዜ ደረሰ። የጡረታ ወረቀት ለማስጨረስ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከረምኩ። ሽኝት ተደረገልኝ፤ ነጠላ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ያደረገው ዳይሬክተር ከስሜ ቀጥሎ የተናገረውን አላስታውስም። ከዚያ ቤቴ። እሑድ መድኃኔዓለም እሳለማለሁ፤ በሌላው ቀን ጀጎልን እዞራለሁ። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ከማንም ጋር ሳልነጋገር መዋሌን የማውቀው ድምፄ ሲሻክር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉትንም ተረት ማመን ትቼ ነበር። ያስተማርኩት ትምህርት ከኔ ጋር ጡረታ ወጣ ብዬ ደምድሜ ነበር።

ባለፈው ወር፣ ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ዶክተር፣ ነጃት ነኝ።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

«ዛሬ ለአንድ ሕፃን የመድኃኒት መጠን ተሳስቼ አዘዝኩ። ተሰጠው። ማንም አላየም። ልጁ እስካሁን ደህና ነው፣ ነርሷ አጠገቡ ናት። ለእናቱ ነገርኳት። ከዚያ ለአለቃዬ ነገርኩት። ከማኔጅመንቱ ጋር ተሰብስበዋል፤ ውጪ ጠብቂ ብለውኝ በር ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ነጃት፣ ልጄ…»

«ያኔ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እርስዎ ውስጥ ነበሩ። እየጮኹ ሲከራከሩልኝ እሰማ ነበር። እኔ ግን በር ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲያልፍ እንዳላየ ያልፈኝ ነበር። ተቀይሜዎት አይደለም ያላነጋገርኩዎት፤ ዓይንዎን ካየሁ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። ዛሬ ደግሞ መናገሩስ ተናገርኩ፣ ብቻዬን መቀመጡን ግን አልቻልኩም።»

አሁን ምን ልበላት? አይዞሽ፣ አይቀጡሽም ልበላት? አንዴ ብያት አይደል! ሥልጣን የለኝ፣ ቢሮ የለኝ፣ የዚያን ሆስፒታል አለቃ ስሙን እንኳን አላውቀውም። አፌን ከፍቼ ልጀምር ስል ቀደመችኝ።

«ምንም አይበሉኝ ዶክተር። ስልኩን ብቻ አይዝጉብኝ።»

አልዘጋሁም። እሷ ከሩቅ አገር በር ላይ፣ እኔ አቦከር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ዝም አልን። ትንፋሿ ይሰማኛል። ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰዎች ይተላለፋሉ፣ አንድ ሰው «ዶክተር» ብሎ ሰላም ሲላት መለሰችለት። ከዚያ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ የወንድ ድምፅ «ነይ ግቢ» አላት።

«እሺ፣ መጣሁ» አለች። ስልኩን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ስትከተው ጨርቁ ሲፋተግ ተሰማኝ። ሳትዘጋው ገባች።